የትንሿን አውሮፕላን መርፌ ማን ይይዛል

ደብረ ታቦር ውስጥ ባጃጅ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀኛል። የማያውቀኝ ካለ ባጃጁ ገና አልተበላሸበትም ማለት ነው። ትምህርት አምስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ትምህርቱ እኔን አልጠላኝም፣ እኔም አልጠላሁትም፣ ብቻ አንድ ቀን ሳንሰነባበት ተለያየን። ጆሮዬ ግን ዲግሪ አለው። ባጃጅ ከአስፋልቱ ታጥፎ ገና ሳይታይ ቫልቩ ነው፣ ካንዴላው ነው፣ ሹፌሩ ነው ብዬ እናገራለሁ። ሹፌሩ ነው ያልኳቸው አንዳንዶቹ እስከዛሬ ሰላም አይሉኝም።

አሁን የማወራው ግን ስለ ባጃጅ አይደለም፣ ስለ ቅናት ነው። እኔ በሰው ቀንቼ አላውቅም ነበር። በምን ልቅና? መልክ አለኝ፣ እጅ አለኝ፣ ጨዋታ አለኝ። የቀናሁት በገዛ አክስቴ ልጅ ነው፤ ያውም በአንዲት ሎሚ የምታህል ሞተር ምክንያት።

የአክስቴን ልጅ ጋራዥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ቁልፍ አያያዝ ያሳየሁትም እኔ ነኝ። በዕድሜ ትንሽ እበልጠዋለሁ፣ በወሬ ደግሞ በጣም። እሱ ዝምተኛ ነው። ዝምታው የሚያናድድ ዓይነት ነው፤ አንተ ስለ ብሎኑ አውርተህ ሳትጨርስ እሱ ብሎኑን አጥብቆ እጁን ይታጠባል።

አንድ ቅዳሜ አንድ ሰው ትልቅ ካርቶን ታቅፎ ጋራዣችን ገባ። ዩኒቨርሲቲ ሂሳብ አያያዝ የሚያስተምር ነው። ከደቡብ ነው የመጣው፤ ብርዳችንን ገና ስላልለመደው በጠራራ ፀሐይ ኮፍያና ሻርፕ አድርጓል። ካርቶኑን ሲከፍተው ውስጡ አውሮፕላን! ክንፏ ነጭ፣ አፍንጫዋ ቀይ፣ ከጫፍ ጫፍ ብትለካት ከኔ ቁመት ብዙም አታንስ።

«ብየዳ ጥሩ አድርጎ የሚሠራ ሰው አለ ብለውኝ ነው» አለ።

«አለ» አልኩ ደረቴን ነፋ አድርጌ።

ጋሼ፣ የጋራዡን ባለቤት ማለቴ ነው፣ አውሮፕላኗን አየት አደረጉና «ለልጅህ ነው?» አሉት።

«ልጅ የለኝም ጋሼ። ለራሴ ነው።»

ጋሼ ሌላ ነገር አልጠየቁም። ዘወር ብለው ሻይ አምጡለት አሉ፣ ለታመመ ሰው እንደሚባለው።

ሞተሩ ለብቻው በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። በሁለት ጣት ይነሳል። ግን ትንሽነቱን እንዳታይ፣ ሙሉ ሞተር ነው፤ ፒስተን አለው፣ ካርቡሬተር አለው፣ ጭስ የሚተፋበት ማርሚታም አለው። የባጃጅ ካንዴላ እሳት ይረጫል፤ የዚህ ካንዴላ ግን ውስጡ ጥምጥም ሽቦ አለችው። በትንሽ ባትሪ እስክትቀላ ታግላታለህ፤ ሞተሩ ከተነሳ ባትሪውን ትነቅላለህ፣ ከዚያ በራሱ ግለት ይቀጥላል። ነዳጁም ቤንዚን አይደለም፣ የጉሎ ዘይት የተቀላቀለበት አልኮል ነው፤ መምህሩ ከአዲስ አበባ በጀሪካን ነው ያስመጣው። ካርቡሬተሩ ጎን ደግሞ አንዲት ቀጭን ብሎን አለች፣ መርፌ የምንላት። ስታጠብቃት ነዳጅ ይቀንሳል፣ ስታላላት ይጨምራል። ስትዞር ጠቅ ጠቅ ትላለች። እኔንና የአክስቴን ልጅ ያጣላችን ይህችው ብሎን ናት።

መምህሩ እንደነገረን አዲስ ሞተር ዝም ብሎ አውሮፕላን ላይ አይገጠምም። መጀመሪያ መሬት ላይ፣ ከብረት መቆሚያ ጋር ታስሮ፣ ሮዳጅ መውጣት አለበት። ክፍሎቹ እርስ በርስ እስኪላመዱ ቀስ ብሎ መሥራት አለበት ማለቱ ነው።

«ሮዳጅ ነው ለእኔ የሚነግሩኝ መምህር?»

«አንተ በለኝ» አለ።

«ሮዳጅ ነው ለእኔ የምትነግረኝ መምህር?» አልኩት። ሳቀ። በቃ ሰውዬው የእኔ ነው ብዬ ያዝኩ።

እኛ ጋራዥ ሮዳጅ እንዲህ ነው የሚወጣው። ሞተሩ ተበትኖ የተገጠመ ባጃጅ ላይ ሦስት ወፍራም ሰው ይጫናል፤ ካልተገኘ ጋሼና ሁለት ጆንያ ስንዴ። ከዚያ ነዳጁ እስከ ጥግ ተከፍቶ አቀበቱን ሽቅብ ይለቀቃል። ከፈነዳ እኛው ፊት ይፈንዳ ነው ነገሩ።

መቆሚያውን በየድኩለት፣ ሞተሩን ከጋራዡ ጀርባ አሰርነው። መምህሩ ባትሪውን አስነከሰ። እንዲነሳ ፕሮፔለሩን፣ ከፊት የሚሽከረከረውን ማለቴ ነው፣ በእንጨት ምታው ብሎኝ ነበር፤ ሞተር በእንጨት የሚነካ ፈሪ ነው ብዬ በጣቴ መታሁት። ተነሳ። ሲነሳም ጣቴን ላሰኝ። አልጮህኩም፤ ዓይኔ ነው ብቻውን ያለቀሰው።

ሞተሩ ይንተባተባል። ጭሱ የጉድ ነው፤ ዘይቱን በማርሚታው ይተፋል። «ነዳጅ በዝቶበታል!» ብዬ መርፌዋን ጠቅ ጠቅ ጠቅ አድርጌ ጠረቀምኳትና ሞተሩን እስከ ጥግ ከፈትኩት። ጮኸልሃ! የጎረቤታችን የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ዱቄት እንደለበሰ ወጥቶ እስኪያይ ድረስ ጮኸ። እየሳቅኩ ወደ መምህሩ ስዞር ፊቱ ከወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ብሷል። ዘሎ የነዳጁን ቱቦ በጣቱ ቆነጠጠ። ሞተሩ ጸጥ አለ።

«ምነው? ገና መሟሟቁ ነበር እኮ!»

«ወንድሜ፣ ልትገድለው ነበር» አለ። «መንተባተቡን እኮ ፈልገነው ነው። አሁን ነዳጅና ዘይት ይብዛለት፣ ያጭስ፣ ይትፋ። ትንሽ ይሠራል፣ ታጠፋዋለህ፣ ይቀዘቅዛል፣ ደግሞ ታስነሳዋለህ። እየቆየ ነው መርፌዋ የምትጠበቀው። ትዕግሥት ነው የሚፈልገው።»

ይሄን ብሎ ዞር ዞር ሲል፣ ጥግ ላይ አንዱ ሰንሰለት ያጥባል። የአክስቴ ልጅ። ያ ሁሉ ጩኸት ሲሆን ቀና እንኳን አላለም።

«እሱስ?» አለ መምህሩ።

«እሱ ሰንሰለት ያጥባል» አልኩ።

«ሲጨርስ ይምጣ» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞተሩ በአክስቴ ልጅ እጅ ገባ። ከሥራ በኋላ ሁልጊዜ ከጋራዡ ጀርባ ነው። እንደ አራስ ነው የያዘው። ነፋስ እንዳይነካው ቆርቆሮ ከለለለት። አስነስቶ እያንተባተበ ትንሽ ያሠራዋል፣ ያጠፋዋል፣ ከዚያ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ እስኪቀዘቅዝ ያየዋል። ዝም ብሎ ያየዋል! ሲቀዘቅዝ በእጁ መዳፍ ይነካዋል፣ ደግሞ ያስነሳዋል። ሰፈሩ በሙሉ ጉሎ ጉሎ ሸተተ። መምህሩ ይመጣና አጠገቡ ይቀመጣል። ሁለት ዝምተኞች አንድ ሞተር መሀል አድርገው ሻይ ይጠጣሉ። አንድ ቀን ጓንት አመጣለት። ለኔ ጣቴን ላስበላሁት ፕላስተር እንኳን አላመጣልኝም።

እኔም አልተኛሁ። በሄድኩ በመጣሁ ቁጥር ቆም እልና «ጠምቶታል» እላለሁ። በሌላው ቀን «ሰክሯል» እላለሁ። «አዋላጁ፣ ወንድ ነው ሴት?» እላለሁ። ጋሼ ይስቃሉ፣ ደንበኛ ይስቃል። የአክስቴ ልጅ ግን ቀና ብሎ «እስቲ ስማው፣ ዛሬ ድምፁ አልተሻለውም?» ይለኛል። ተሽሎታል። እሱ ነው የሚያቃጥለኝ። በየቀኑ መርፌዋን አንዲት ጠቅ ብቻ ሲያጠብቃት፣ መንተባተቡ እየቀነሰ፣ ድምፁ እየጠራ፣ ፕሮፔለሩ በእጅ ሲዞር ቅቤ የተቀባ እየመሰለ መጣ። እኔ ይሄን መስማት ባልችል ኖሮ ምን ነበረበት!

እናቴም አልተወችኝም። አክስቴ ቤታችን መጥታ «ልጄ አውሮፕላን ይዟል» ብላት ሄደች። እናቴ እራት እያቀረበች «አንተስ ምን ይዘሃል?» አለችኝ።

«ረሃብ» አልኳት።

ነገሩን የባሰ ያደረገው የራሴ አፍ ነው። ያቺ አውሮፕላን የመጣች ቀን ለባጃጅ ሾፌሮች ሁሉ ሞተሯ በእኔ እጅ ነው ብዬ አውርቻለሁ። አሁን በየመንገዱ ጥሩምባ እያሰሙ «አንት! አውሮፕላንህ መቼ ነው የምትነሳው?» ይሉኛል። «ደርሷል» እላለሁ። በኋላ መምህሩ አውሮፕላኗን ታች ፎገራ ሜዳ ላይ እንደሚያስነሳት ሲሰሙ እነዚህ ጉዶች እንመጣለን አሉ። ደብረ ታቦር ላይማ የት ይበረራል? ወይ ዳገት ነው፣ ወይ ባሕር ዛፍ ነው፣ ወይ የሰው ጣሪያ ነው። ፎገራ ሩዙ ታጭዷል፣ ሜዳው እንደ ጠረጴዛ ነው። መምህሩ ከቀበሌ ፈቃድ አምጥቷል። እንግዲህ ያን ሁሉ ሾፌር ፊት መርፌዋን የሚይዘው የአክስቴ ልጅ ከሆነ፣ እኔ በምን ፊቴ ነው ደብረ ታቦር የምመለሰው? ወንዛዬ ወርጄ ፍል ውኃ ውስጥ እንደተነከርኩ ብቀር ይሻለኛል አልኩ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በጋሼ ፒካፕ ወረድን። ጋሼና መምህሩ ከፊት፣ እኔና የአክስቴ ልጅ ከኋላ፣ አውሮፕላኗ መሀላችን። ቁልቁለቱን ስንወርድ ጆሮዬ ድፍን ይላል፣ ጧ ብሎ ይከፈታል። እየወረድን ስንሄድ ሙቀቱ መጣ፣ ጃኬታችንን አወለቅን።

«ዛሬ መርፌዋን እኔ ልያዝልህ» አልኩት፣ እንደ ቀልድ አድርጌ።

«ተስተካክላለች እኮ። ትናንት ጨረስኳት። መምህርም ከእንግዲህ አትነካ ብሏል።»

«ልያዝልህ አልኩ እንጂ ልንካት አልኩ?»

«ሳትነካ ምን ትይዛለህ?» አለና ክንፏን በጨርቅ መወልወል ጀመረ።

ሜዳው ላይ ሾፌሮቹ ቀድመውን ደርሰዋል። የአካባቢው ገበሬዎችም ከብቶቻቸውን ወዲያ አድርገው ቆመዋል። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው አውሮፕላኗን ሲያዩ ቆዩና «እንደው ልጆቼ፣ ይቺ ፎቶ ታነሳለች እንዴ?» አሉ።

«አባባ፣ እንኳን ፎቶ ራሷንም ካነሳች ተመስገን ነው» አልኳቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ያ ቀን ለእኔ እዚያ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ጓንቱን አደረገ። ባትሪውን አስነከሰ፣ በእንጨት መታ፣ ተነሳ። መምህሩ ሪሞቱን ይዞ ነዳጁን ከፈተ። ድምፁ ጉድ ነው! ደብረ ታቦር ላይ እንዲህ ጮኾ አያውቅም። ሾፌሮቹ አጨበጨቡ። አንዱ ወደኔ ዞሮ «ሞተሯ በማን እጅ ነው ያልከን?» አለ።

ጆሮዬ ሌላ ነገር ይዞ ነበር። ድምፁ በጣም ጠርቷል። ጭሱ የለም ማለት ይቻላል። ማርሚታው ጫፍ ላይ ሁልጊዜ የምትንጠባጠበው ዘይት ደርቃለች። ጩኸቱ የጤነኛ ጩኸት አይደለም፤ አፉ የደረቀ ሰው ሲዘፍን እንደማለት ነው።

«ጠምቶታል!» አልኩ።

ጋሼ ሳቁ። የአክስቴ ልጅ ሳይዞር «እሺ አዋላጁ ሰምቷል» አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለደ፤ እሱም በእኔው ቀልድ።

«ማርያምን እውነቴን ነው! ነዳጅ አንሶታል፣ መምህር አትልቀቃት!»

«ቅናት ነው የጠማው!» አለ አንዱ ሾፌር፣ ሜዳው በሳቅ አለቀ። ምን ታደርገዋለህ? ስንት ሳምንት ሙሉ ጠምቶታል ጠምቶታል እያልኩ ያሳቅኳቸው እኔው ነኝ።

መምህሩ ለቀቃት። ተንደረደረች፣ ተነሳች፣ ሰው ሁሉ እልል አለ። አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጋ ስትወጣ ድምፁ ሟሸሸ፣ ሲጥ አለ፣ ጸጥ። ሰማይ ላይ ጸጥ። መምህሩ ምላሱን ነክሶ እያንሸራተተ አወረዳት፤ መጨረሻ ላይ ግን ጎማዋ የሩዝ ገለባ ያዘውና በአፍንጫዋ ተተከለች።

ደስ አለኝ። ምን እዋሻለሁ፣ እንደ ሠርግ ደስ አለኝ። ወደ ሾፌሮቹ ዞሬ «አላልኩም?» ልል አፌን ስከፍት የአክስቴን ልጅ አየሁት። ሁላችንንም ቀድሞ ሮጦ ደርሷል። ተንበርክኮ ሞተሩን ነካው፤ አቃጠለው፣ እጁን ግን አላነሳም። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ያን ሁሉ ጊዜ በርጩማ ላይ ሆኖ የጠበቀው ሞተር ፒስተኑ ነክሶ፣ ተጣብቆ ቀርቶ እንደሆነ ለማየት ፕሮፔለሩን መግፋት ፈርቷል። አፌን መልሼ ዘጋሁት። አንድም ቃል ሳልል የዘጋሁት ያኔ ብቻ ነው መሰለኝ።

ሲቀዘቅዝ መምህሩ ፕሮፔለሩን ቀስ አድርጎ ገፋው። ዞረ። ያው ቅቤው ነው።

«ሌላ ሞተር ቢሆን ነክሶ ይቀር ነበር» አለ የአክስቴን ልጅ ትከሻ መታ መታ እያደረገ። «ሮዳጁ ነው ያተረፈው። ጎበዝ!»

በሉ እንግዲህ! አውሮፕላን ወድቆ እንኳን ጎበዝ የሚባለው እሱ ነው። ከዚህ በኋላ አላስቻለኝም።

«እኔስ? ጠምቶታል አላልኩም?»

«ብለሃል» አለ መምህሩ። አልሳቀም። «እንዴት አወቅክ?»

«ከዚህ ከታች ከወረታ ወደ እኛ የሚወጣ ባጃጅ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ነዳጅ እንቀንስለታለን። ከእኛ ወደ ወረታ የሚወርደው ደግሞ ይደርቃል፣ ይግላል፤ እንጨምርለታለን። አየሩ ነው። ላይ ቤት ደብረ ታቦር አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ እዚህ ወፍራም ነው። አየሩ ሲወፍር ነዳጁም አብሮ መወፈር አለበት። ይሄ ሞተር ላይ ቤት ተስተካክሎ ነው የወረደ።»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱስ እውነቱን ነው። እኔም አልመጣልኝም እኮ» አሉ። መምህሩም «ከአንድ ሜዳ ሌላ አብርሬ አላውቅም፤ ሞተር ይዤ ቁልቁለት ስወርድ የመጀመሪያዬ ነው» አለ።

የአክስቴ ልጅ ተነስቶ ወደኔ መጣ። ከዚያ ጓንቱን አወለቀና ሰጠኝ። «ና፣ ያዛት» አለኝ።

የታጠፈውን የጎማ ሽቦ በፒንሳ አቀናሁት፣ መምህሩ ጫፉ በተሰበረው ምትክ ሌላ ፕሮፔለር ገጠመ። በእንጨት መታሁ፤ አዎ፣ በእንጨት፣ ሰው ፊት ጣቴን አላስበላም። መርፌዋን አላላኋት፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ጭሱ ተመለሰ። መምህሩን እስከ ጥግ አስከፍቼ የነዳጁን ቱቦ ለአፍታ ቆንጠጥ አደረግኩት፤ ከመድከሙ በፊት ድምፁ ትንሽ ከፍ ካለ ነዳጁ በቂ ነው ማለት ነው። ከፍ አላለም። አሁንም አላላኋት። «ሽቅብ ያዛት!» አልኩት የአክስቴን ልጅ። አውሮፕላኗን ብድግ አድርጎ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አቀና፤ ዘይቱ ፊቱ ላይ ይረጫል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይዟታል። ድምፁ ሟሸሸ። ሁለት ጠቅ። ደግሜ ቆነጠጥኩት፤ ከፍ አለ! ሽቅብ እንደተያዘች ድምፁ አልተነቃነቀም። «በቃ!» አልኩ። ሾፌሮቹን ዞሬ አየኋቸው፤ ሁሉም እኔን እያዩ ነው። ለዚህች ቅጽበት እኮ ነው ያን ሁሉ የተቃጠልኩት።

ተነሳች። ዞረች፣ ወጣች፣ ከብቶቹ ጭራቸውን ሰቅለው ሮጡ፣ ሽማግሌው «እረ በስመ አብ!» አሉ። ድምፁ ሙሉ ነው፤ ከኋላዋ ቀጭን ነጭ ጭስ ትጎትታለች። ሾፌሮቹ «አንት! እውነትህን ነው ለካ!» እያሉ ጀርባዬን ደበደቡኝ። ጠግቤ ስቄ ሳልጨርስ ዞር ስል ምን አያለሁ? መምህሩ ሪሞቱን የአክስቴ ልጅ እጅ ላይ አስይዞት፣ ከኋላው ቆሞ «ቀስ፣ በአውራ ጣት ብቻ፣ እንዲያ» እያለ ያሳየዋል። የአክስቴ ልጅ እያበረረ ነው!

እስቲ ፍረዱኝ። መርፌዋን ያስተካከልኩት እኔ፣ ሰማዩ ለእሱ! ለምን ሰጠኸው ብዬ መምህሩን ስጠይቀው «ዘይት ስትረጭበት አልለቀቀማ» አለኝ። ለካ ሰው እንዲህ ነው የሚመረጠው። እኔም እኮ ብትረጭብኝ ላልለቅ እችል ነበር፤ ማን ረጨብኝ?

የአክስቴ ልጅ አንገቱን ወደኋላ ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ ፊቱ በጉሎ እያበራ ያበርራታል። ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል ጮክ ብሎ ጠራኝ።

«ሞተሩ ምን ይላል?»

ማንንም አይደለም የጠየቀ። መምህሩ ከኋላው እያለ፣ ጋሼ እዚያው ቆመው፣ እኔን ነው የጠየቀ።

ዝም ልለው አስቤ ነበር። ከዚያ ዓይኔን ጨፈንኩና ሰማሁ።

«ጠግቧል» አልኩት። «ጋልብ።»

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ስንወርድ ያው ነው፤ እሱ ሪሞቱን፣ እኔ መርፌዋን። አንዳንዴ «ና ሞክራት» ይለኛል፤ አልፈልግም፣ ዓይኔን ፀሐይ ይወጋኛል እለዋለሁ። ሲያበርር እያየሁት አሁንም እቀናለሁ። ብቻ መርፌዋን ከእኔ በቀር ሰው ነክቷት አያውቅም፤ መምህሩም ራሱ ሊነካት ሲል መጀመሪያ ወደኔ ዞሮ ያየኛል።